ጥያቄ በሩብ ሰዓት

«በዚህ ከተማ ካሉት መጠጥ ሻጮች ሁሉ እኛን የሚያከስረን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለች ሺቫኒ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ሻይ ክፍል ውስጥ ኩባያዋን ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ሥር ደቅና። «የባቡር ጣቢያው መጠጥ ቤት እንዳትሉኝ። ሽማግሌዎቹ ናቸው! የሳር ቦውሊንግ ክለቡ!» ከቤተ መጻሕፍቱና ከውሻ ምዝገባ ክፍል ሻይ ሊጠጡ የመጡት ሳቁ። አንዱማ «የሸሪ ወይናቸውን ሲቀምሱ ወንበር ይወራወራሉ እንዴ?» ብሎ አሟሟቀው። ብሮንዊንም ሳቀች፤ ካልሳቀች ያስታውቅባታል። ከዚያ ያልጨረሰችውን ሻይ መታጠቢያው ውስጥ ደፍታ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የሺቫኒ ቁጥር ትክክል ነው፤ ያንን ቁጥር በየቀኑ እየመዘገበች ያጠራቀመችው ደግሞ እሷ ራሷ ናት። በሳር ሜዳ ላይ ኳስ እያንከባለሉ ከሚጫወቱት ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ፣ የክለቡ ጸሐፊ፣ አባቷ ነው። ይህን በሕንጻው ውስጥ የሚያውቅ የለም። ሺቫኒ ከሃሚልተን ከተማ መጥታ የመጠጥ ፈቃድ ክፍል አለቃ ከሆነች ገና ዓመቷ ነው፤ ብሮንዊንም የምትጠራው በባሏ ቤተሰብ ስም ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ መጠጥ ለሚሸጥ ሁሉ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቆጣጠራል፣ በየዓመቱም ያስከፍላል። የሚሰበሰበው ክፍያ ግን የሥራውን ወጪ ሸፍኖ አያውቅም፤ ጎዶሎውን የሚሞላው የቤት ግብር ነው። «ከሻይ በቀር የማልቀምሰውን ሴትዮ የሰካራም ጠባቂ ደሞዝ ከፋይ ያደረገኝ ማነው?» ብለው ለጋዜጣ የጻፉ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የክፍያው አወጣጥ እንደ አዲስ ይጠና ተባለና ከኦክላንድ አማካሪ መጣ። ጥሩ ጫማ ያደረገ ትሁት ልጅ ነበር። ሠራተኞቹ ለየትኛው ደንበኛ ስንት ሰዓት እንዳጠፉ የሚመዘግቡትን ወስዶ ደመረና ብዙ ሰዓት የወሰደ ብዙ ይክፈል አለ። ለጆሮ ፍትሕ ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ መጨረሻ መስታወት የሚሰበርበት የባቡር ጣቢያው መጠጥ ቤት ጠብ ሲነሳበት የሚሮጠው ፖሊስ ስለሆነ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ሂሳብ ውስጥ እምብዛም የለበትም። ባለቤቱ ዌይን ደግሞ አንድም ቀን ደውሎ ጠይቆ አያውቅም። የቦውሊንግ ክለቡ ግን ይደውላል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ በዚህች በዋይሩካ ከተማ ግን ዕዳ የመጣው በተናገረው ላይ ነው። አንድ የስልክ ጥያቄ ሦስት ደቂቃም ቢፈጅ የሚመዘገበው በሩብ ሰዓት ነው፤ የሩብ ሰዓት ዋጋ ሠላሳ ዶላር። የከተማው አራት ክለቦች በአንድ ምድብ ስለሚታዩም፣ በአንዱ ጠያቂነት የእያንዳንዳቸው ዓመታዊ ክፍያ ከአራት መቶ ዶላር ተነስቶ ሁለት ሺህ ሊጠጋ ነው። ምክር ቤቱ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት የሕዝቡን አስተያየት ሰምቶ ይወስናል።

የቦውሊንግ ክለቡ ሁለት ሺህ ዶላር ከየትም አያመጣም። ሳሩን የሚያሳጭደው፣ መብራቱን የሚከፍለው ያችው ትንሽ ባር ናት። እሷ ከተዘጋች ሜዳው አንድ ክረምት አይዘልቅም። ሜዳው ከሄደ ደግሞ አባቷ ጠዋት ተነስቶ ሸሚዝ የሚተኩስበት ምክንያት አይኖረውም። ብሮንዊንን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው። ይህም ብቻ አይደለም።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«የመጠጥ ፈቃድ ክፍል፣ ብሮንዊን ነኝ።»

«ጤና ይስጥልኝ። ኔቪል ሃርግሪቭ ነኝ፣ ከሳር ቦውሊንግ ክለቡ።»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ልጁ መሆኗን እያወቀ ስሙን ከነቤተሰቡ ስም ይናገራል። እሷም ጥሪው ስለሚቀዳ አባዬ አትለውም።

«ምን ልታዘዝ?»

«የተረኛው ኃላፊ ስም ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ሙሉ ስሙ ነው ወይስ የቤተሰቡ ስም ይበቃል?»

«ሙሉ ስሙ ነው።»

«ሙሉ ስሙ» አለ፣ እንደሚጽፍ ሰው ቃሉን እየጎተተ። ከዚያ ዝም አለ። ከጀርባው የባሩ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ይሰማታል።

«ሌላ ጥያቄ አለዎት?»

«የለኝም።» ደግሞ ዝም። «ዛሬ ነፋስ አለ።»

«አዎ፣ ነፋስ አለ።»

«በይ እሺ» አለና ዘጋው።

ይህንኑ ጥያቄ በፋሲካ ሰሞንም ጠይቋታል። ከዚያ በፊትም ጠይቋታል። የአባል እንግዳ ቢራ ይቀዳለታል ወይ ብሎ ስንቴ ደውሏል! እነዚህ በሙያው አንድ ወር የቆየ ሁሉ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው፤ አባቷ ደግሞ በዚያ ባር ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። አእምሮው እየከዳው ነው ብላ ታስባለች። አክስቷንም የጀመራት እንዲሁ ነው፤ አንዱን ነገር መልሳ መላልሳ ትጠይቅ ነበር። ብሮንዊን ይህን ፍርሃቷን ለባሏ እንኳ አልተናገረችም፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። በየጥሪው መጨረሻ ያለውን ያንን ዝምታ ስትሰማ የጠፋውን ሐሳብ እየፈለገ ይመስላታል። ያንንም ዝምታ መዝግባዋለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የዋይሩካ ማዘጋጃ ቤት ግን ቁርጥ ያለ ዋጋ አውጥቶለታል። የዛሬውንም መመዝገብ ነበረባት፤ ጣቷ እምቢ አላት፣ ባዶውን ተወችው። ይህም አዲስ ጭንቀት ሆነባት።

ከምሳ በፊት ሺቫኒ መጥታ የጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክፉ ሴት አይደለችም። «ስሚኝማ፣ ወይዘሮ ሄኒ ለሽማግሌዎቹ መውጫ እየፈለጉላቸው ነው» አለቻት። ሄኒ ራዊሪ የዛሬው ስብሰባ ሰብሳቢ ናቸው። «ሕጉ ከብዷችሁ ነው ወይ ብለው ይጠይቋቸዋል። አዎ ካሉ ነገሩ ሕዝብ ማስተማር ይሆናል፣ ማስተማር ደግሞ የሚከፈለው ከቤት ግብር ነው። የስልኩ ሰዓት በሙሉ ከክለቦቹ ላይ ይነሳል።»

«አይደለም ካሉስ?»

«ማን አይደለም ይላል? እብድ ካልሆነ!» ሺቫኒ ተነሳች። «ብቻ እኛ አፋችንን እንዝጋ። ሠራተኛ ለአመልካች ሹክ አለ ከተባለ ሁላችንም አለቀልን።»

ብሮንዊን ራሷን ነቀነቀች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መኪናዋን አስነስታ ወንዙን ተሻግራ ነበር። እየነዳች፣ ምሳ ልበላ ነው የምሄደው፣ ሰው አባቱ ዘንድ ምሳ አይበላም እንዴ ትላለች ለራሷ።

ክለቡ በቆርቆሮ የተሠራ ረጅም ቤት ነው። ምንጣፉ የፈሰሰ ቢራና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፉ የአሸናፊዎች ስም አለ፤ አብዛኞቹ መቃብር ወርደዋል። ከባሩ በላይ ዋጋው ተሰቅሏል፤ ቢራ ስድስት ዶላር፣ ሸሪ አራት። መሐል ከተማ ለአንድ ቢራ አሥራ ሁለት ይጠይቁሃል፣ ሙዚቃውም ያደነቁርሃል። የክለቡ ሊቀ መንበር ትሬቨር ማሞቂያው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ሰፊ ሰው ነው፣ ድምፁም ሰፊ።

«የማዘጋጃ ቤቷ እመቤት መጣች! ልትበይ ነው ወይስ ልታሽጊን?»

«ልበላ ነው ትሬቨር።»

«ብዪ፣ ብዪ። ከመዘጋታችን በፊት አንድ ሰው እንኳ ይብላልን!» አለና መኪናውን ሊያሞቅ ወጣ።

አባቷ የክለቡን ኮት ለብሶ ባሩ ኋላ ቆሟል። አልተሳሳሙም፣ እንደዚያ አይነት ቤተሰብ አይደሉም። መጠጥ ባለበት ምግብ ይኑር ስለሚል ሕጉ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ማንም የማይበላቸው፣ በሊጥ ተሸፍነው የተጋገሩ የሥጋ ፓዮች አሉ። አንዱን ሳይጠይቃት አውጥቶ አሞቀላት። እናቷ በሕይወት እያለች ብሮንዊን ወላጆቿ ቤት ስትደውል፣ እሱ ካነሳ «ቆይ እናትሽን ላቅርብልሽ» ብሎ ይሄድ ነበር። ከእናቷ ጋር ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ልብስ ዋጋ፣ ስለ ወገብ ሕመም አንድ ሰዓት ያወራሉ። አሁን የሚያቀርበው ሰው የለም። እሑድ እሑድ እሷ ቤት መጥቶ የተጠበሰ በግ ይበላል፣ ግሩም ነው ይላል፣ ሳህን ያደርቅና ይሄዳል።

«አባዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ወይዘሮ ሄኒ ሕጉ ከብዷችኋል ወይ ብለው ይጠይቁሃል። አዎ ከብዶናል በል።»

«ምኑ ነው የከበደው?»

«ሕጉ።»

«ሕጉማ አይከብድም።»

ደነገጠች። መርሳቱን እንኳ አያውቅም ማለት ነው አለች በልቧ። «አንዲት ቃል ናት አባዬ። ከበደን ካልክ ክፍያው አይጨምርም። ክለቡ ይተርፋል።»

ንጹሑን ጠረጴዛ በጨርቅ ወለወለው። «ይህን ለእኔ መናገር ይፈቀድልሻል?»

«አይፈቀድልኝም።»

«እንግዲያውስ አልነገርሽኝም» አለና ጨርቁን አጠፈው።

እሺ ይሁን እምቢ አልገባትም። መልሳ ልትጠይቀው ፈልጋ ፓዩን ጎረሰች፣ ምላሷን አቃጠላት። ሁለቱም በመስኮቱ ወደ ሜዳው አዩ። «ሳሩ ጥሩ ይዟል» አለች። «ይዟል» አለ። ሊያወሩ የቻሉት ይህንኑ ነው።

የምክር ቤቱ አዳራሽ በዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል። የሞቱ ከንቲባዎች ከየፍሬማቸው ቁልቁል ያያሉ። ለተናጋሪ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ደወል ይመታል። ብሮንዊን ከሺቫኒ ጎን በሠራተኞች ወንበር ተቀምጣ፣ የሄኒ ራዊሪ የጆሮ ጌጥ በተወዛወዘ ቁጥር ልቧ አብሮ ይወዛወዛል። ወይዘሮዋ አጥንትን ወግቶ የሚያይ ዓይን አላቸው።

መጀመሪያ የተናገረው የባቡር ጣቢያው ዌይን ነው። «እኔ ደውዬ አላውቅም» አለ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ። «ሕጉን ታነባለህ፣ ትሠራለህ፣ አለቀ። አዛውንቶቹ ቢራ ስንት ዲግሪ ይቀዝቅዝ ብለው ሲደውሉ የሚውሉ ከሆነ ሂሳቡን ራሳቸው ይክፈሉ። ለእነሱ ሞግዚት የምከፍለው እኔ ነኝ?» ከኋላ ሳቁ። የሌሎቹ ክለቦች ሰዎች ግን አልሳቁም፤ ዞረው ኔቪልን አዩት። ትሬቨር ወንበሩ ላይ ተንቆራጠጠ። «አፍህን ሰብስብ አንተ» ሲል ለሹክሹክታ የበዛ ድምፅ ነበረው።

ኔቪል ተነሳ። ወረቀቱን አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ። ስለ ሜዳው፣ አባላቱ በፈረቃ በነፃ ባር እንደሚቆሙ፣ በዚያ ቤት አንድም ብርጭቆ በጠብ ተሰብሮ እንደማያውቅ አነበበ። ደወሉ ሳይመታ ጨረሰ። ድምፁም አልተንቀጠቀጠም።

«ማቱዋ ኔቪል» አሉ ወይዘሮ ሄኒ፣ በሕዝባቸው ወግ አባት ብለው ሲያከብሩት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ክለባችሁ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይደውላል። የሚጠየቀውን አይቼዋለሁ፣ ቀላል ነገር ነው። ምናልባት ሕጉን ስንጽፈው አክብደነው ይሆን? ሰው እንዳይገባው አድርገን ጽፈነው ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ለእኛ ጥፋት ደግሞ እናንተ አትከፍሉም።»

በር ከዚህ በላይ አይከፈትም። በል አባዬ፣ በል።

ኔቪል ወረቀቱን በአራት አጠፈው። «አይከብድም» አለ።

«አይከብድም?»

«ግልጽ ነው። የክለቡን የባር ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኃላፊነት ምስክር ወረቀቱን ከያዝኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። የጠየቅኩትን ሁሉ መልሱን አውቀው ነበር።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ትሬቨር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዌይን ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ታዲያ ምን ሊሆንህ ትደውላለህ ሰውዬ?»

ሰብሳቢዋ ሊገሥጹት አፋቸውን ከፍተው ነበር፣ ግን ተዉት፤ እሳቸውም መልሱን ፈልገውታል። ኔቪል መነጽሩን አወለቀ። ወደ ሠራተኞቹ ወንበር አላየም። አንገቱ ቀላ፣ ጆሮው ቀላ። ሠርጉ ላይ እንኳ ንግግር አላደርግም ያለ ሰው ነው።

«ስልኩን የምታነሳው ልጄ ናት» አለ።

ማንም አልሳቀም። ሺቫኒ ቀስ ብላ ዞራ ብሮንዊንን አየቻት። ብሮንዊን ማልቀሷን ያወቀችው አገጯ ሲረጥብ ነው። መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነበር፤ አእምሮው አልከዳውም! ሙሉ ሰው ነው! ከደስታው ኋላ እፍረቱ ደረሰ። ሌላ ጥያቄ አለዎት እያለች ስታጣድፈው፣ ዝምታውን ስትመዘግብበት ኖራለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ ሮጣ ብታቅፈውም ወደደች። ሁለቱንም አላደረገችም፣ ወንበሩን ጨብጣ ቀረች።

ወይዘሮ ሄኒ ውሃ ጠጡ። ጎናቸው ካሉት አባላት ጋር አንገት ለአንገት ተነጋገሩ። ከዚያ ማይክሮፎኑን አበሩ። «የዚህ ጉባኤ ሥራ የመጠጥ ቁጥጥር ወጪን ማስመለስ ነው» አሉ። «አሁን የሰማነው የመጠጥ ቁጥጥር ወጪ አይደለም። የስልክ ጥሪ በሙሉ ከሂሳቡ እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዳግም እንዳይመጣም፣ ከዛሬ ጀምሮ የፈቃድ ጥያቄ የሚቀርበው በድረ ገጹ በጽሑፍ ብቻ ይሁን። በስልክ አይሁን። እንደዚያ ከሆነ ማንም ስለጠየቀ አይከፍልም።» እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ጸደቀ። የክለቦቹ ክፍያ አምስት መቶ ዶላር ገደማ ሆነ። ዌይን እንኳ «ይሁን፣ ፍትሕ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ትሬቨር የአባቷን ጀርባ በመዳፉ እየመታ «ተረፍን! አንተ ምላስ የሌለህ ሽማግሌ፣ አተረፍከን!» ይላል። ሰው አጨበጨበ። አባቷም አጨበጨበ፣ የታዘዘውን እንደሚፈጽም ሰው፣ ዝግ ብሎ።

ሺቫኒ ወረቀቷን ሰብስባ ስትነሳ ለብሮንዊን ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ነገ ጠዋት እንነጋገራለን» አለቻት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ስለ ዘመድነቱ ዝም ማለቷ፣ የምሳ ሰዓቱ ሹክሹክታ ይታወቅ አይታወቅ፣ ሥራዋ ይቀጥል አይቀጥል፣ ሁሉም ለነገ ተቀጠረ። ብሮንዊን አዎ ብላ ወጣች።

አባቷ ከሕንጻው ጀርባ መኪናው አጠገብ ቆሞ ቁልፉን ይፈልጋል። ነፋሱ ኮቱን ያርገበግበዋል። ስታየው አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ» አለ። «ሥራሽን አበላሸሁብሽ።»

«አላበላሸህም።»

«በጽሑፍ ብቻ ነው አሉ።»

«አዎ፣ በጽሑፍ።»

«ኮምፒውተር ደግሞ የለኝም።» ቁልፉን አገኘ፣ ግን በሩን አልከፈተም።

«አባዬ፣ ቤት ደውልልኝ። ማታ ማታ ቤት ነኝ። ለምን ቤት አትደውልም?»

አባቷ ለጥያቄ ሁሉ እንደሚያስበው አጥብቆ አሰበበት። «ቤትሽ ስደውል ምን እላለሁ?» አለ። እየቀለደ አልነበረም። እውነቱን ነው የጠየቃት፣ መልሱንም አያውቀውም።

ብሮንዊን ዞራ የመኪናውን የተሳፋሪ በር ከፈተችና ከሹፌሩ ጎን ካለው ወንበር ገባች።

«ሥራ አልወጣሽም እኮ» አለ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ ተጨንቆ። «ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሆነም። ስልኩን ማን ያነሳዋል?»

«ይጩህ» አለች ቀበቶዋን እያሰረች። «ግባ አባዬ፣ ይጩህ።»

ከዚያ መኪናውን በኋላው ዞሮ መጥቶ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ሞተሩን ግን አላስነሳም። ሁለቱም ማንም የማይመዘግብባቸውን ዝምታ ይዘው ተቀመጡ።